ካርታው መሬት ቆርጧል?

ተረት፦ «በገመድ ለክቼው አንድ ሄክታር ሙሉ ነበር፤ ካርታው ግን ቆረጠው።»

እውነታ፦ በጉና ተራራ ግርጌ እንዲህ የሚል ገበሬ አልዋሸም፤ ካርታውም አልዋሸም። ገመዱ የሚጎተተው በዳገቱ ጀርባ ላይ ነው። ካርታ ግን መሬትን እንደ አሞራ ከላይ ቁልቁል ያያል፤ ዳገቱን አስተኝቶ ይለካዋል። 60 በመቶ በሆነ ተዳፋት ላይ ሽቅብ የተዘረጋ 100 ሜትር ገመድ በካርታ 86 ሜትር ገደማ ነው። ወርዱ 100 ሜትር ከሆነ፣ በገመድ አንድ ሄክታር የነበረው ማሳ በይዞታ ደብተሩ ላይ 0.86 ሄክታር ተብሎ ይጻፋል። ከአፈሩ አንድ ስንዝር አልተነካም።

ለምን እንዲህ ይለካል? ዝናቡ የሚወርደው ከላይ ነው፤ ዳገት ስለሆነ ተጨማሪ ጠብታ አያገኝም። ገብሱም የሚያድገው ወደ ሰማይ ነው። ደግሞም የዳገቱና የሜዳው ማሳ በአንድ ወረቀት ላይ ድንበር ለድንበር እንዲገጥም መለኪያው አንድ መሆን አለበት። ይህ ሳይነገረው ቁጥር ብቻ የተሰጠው ሰው «ተዘረፍኩ» ቢል አልፈርድበትም። ከካርታው ጎን አንድ ሦስት ማዕዘን ተሥሎ ገመዱ በዳገቱ፣ ጥላው በሜዳው ላይ ቢታይ ግማሹ ክርክር እዚያው ያልቅ ነበር።

ተረት፦ «60 በመቶ ማለት ገደል ነው፤ የእኔ ማሳ እዚያ አይደርስም።»

እውነታ፦ በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ከ60 በመቶ በላይ የሆነ ተዳፋት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ከልክሎ ነበር። ሰው የሚሳሳተው በመቶውን ከዲግሪ ሲያምታታ ነው። 60 በመቶ ማለት 100 ሜትር በአግድም ሲኬድ 60 ሜትር መውጣት ነው፤ በዲግሪ 31 ገደማ። 100 በመቶ እንኳ 45 ዲግሪ እንጂ ገደል አይደለም።

ተረት፦ «በካርታ ላይ አረንጓዴ ደን ነው።»

እውነታ፦ የትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ በሚሰቀለው የከፍታ ካርታ አረንጓዴ ብዙ ጊዜ ቆላ ነው። ከባሕር ወለል በታች ያለው ዳሎል ለምለም፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው ጉና ደግሞ የተቃጠለ የሚመስለው ለዚህ ነው። ጥግ ላይ ያለችውን የቀለም ማብራሪያ የሚያነብ ስንቱ ነው?

ተረት፦ «ካርታ ማንበብ የተማረ ሰው ሥራ ነው።»

እውነታ፦ ብዙ ተማሪ የሚፈራቸው በ1፡50,000 ካርታ ላይ የሚጠማዘዙት ቡናማ መስመሮች፣ ኮንቱሮቹ፣ መንገድም ወንዝም አይደሉም። እያንዳንዳቸው እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች ያያይዛሉ፤ በአንዱና በሌላው መካከል ብዙ ጊዜ የ20 ሜትር የከፍታ ልዩነት አለ። ሲጠጋጉ ዳገቱ ቀጥ ብሏል ማለት ነው። በእርከን ዘመቻ ሁለት እንጨት አቁሞ፣ ገመድ ወጥሮ፣ በውሃ ልክ እያስተካከለ የቆፈረ ገበሬ ይህንኑ መስመር በዶማ ሥሎታል። ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ እርከን የወጣለትን ማዶ ተራራ ያየ ሰው፣ ካርታው በሙሉ መጠኑ ተዘርግቶ ይጠብቀዋል።