አገልግሉ ውስጥ ያለችው ክር

እናንተዬ፣ ይህን ዛሬ ካልነገርኳችሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲከነክነኝ የቆየ ነገር ትናንት ማታ፣ ያውም ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ ቁልጭ ብሎ ገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰፈራችን ካለ ትምህርት ቤት ብቅ እያልኩ የስምንተኛ ክፍል ልጆችን ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ አጫውታቸዋለሁ። «ቲቸር» ይሉኛል እንጂ ግማሹን የሚያስተምሩኝ እነሱ ናቸው። የዚያን ቀን ወሬያችን ስለ ዋትስአፕ ነበር። «መልእክታችሁ ተቆልፎ ነው የሚሄደው፤ ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም አያነበውም፣ ዋትስአፕ ራሱ እንኳ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ አንዳንድ መልእክት ላይ ስለሚታዩት ሁለት ቀስቶች ነገርኳቸው፤ ብዙ ጊዜ ፎርዋርድ የተደረገ ነው ማለት ነው አልኩ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ዝምተኛ ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ማንበብ ካልቻለ ብዙ ጊዜ መተላለፉን በምን አወቀ?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም ጸጥ አልኩ። «ለሚቀጥለው ቅዳሜ» ብዬ አመለጥኩ።

እስቲ ከቁልፉ እንጀምር። ጓጉንቸር ለመዝጋት ቁልፍ አይጠይቅም፤ ቀጭ ማድረግ ብቻ ነው። ለመክፈት ግን ቁልፉ የግድ ነው። አሁን እያንዳንዱ ስልክ ክፍት ጓጉንቸር እያባዛ ለጠየቀው ሁሉ ያድላል ብላችሁ አስቡ። ቁልፉን ግን ከኪሱ አያወጣም። ለአንዳችሁ መላክ ስፈልግ የእናንተን ጓጉንቸር ወስጄ ዕቃዬን ቀጭ አደርገዋለሁ። አንዴ ከዘጋሁት እኔው ራሴ አልከፍተውም! አይገርምም? ድሮ በሚስጥር ለመጻጻፍ ሁለቱ ሰዎች አስቀድመው ቁልፍ መቀባበል ነበረባቸው። ይህን ጣጣ የሚያስቀር ሐሳብ ዊትፊልድ ዲፊ እና ማርቲን ሄልማን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1976 አሳተሙ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥርላችሁ)። ዋትስአፕ የሁሉንም ተጠቃሚ መልእክት እንዲህ መቆለፍ የጨረሰው በ2016 ነው።

አሁን አገልግል አምጡ። እናት ምግቡን አድርጋ፣ ጠፍሩን ጥፍር አድርጋ አስራ፣ ጓጉንቸር ጨምራበት ለአውቶቡስ ረዳት ትሰጣለች። ረዳቱ ከማን ተነሥቶ ለማን እንደሚሄድ ያውቃል፤ በስንት ሰዓት እንደተቀበለውም ያውቃል። ውስጡ ዶሮ ይሁን ሽሮ ግን አያውቅም። ረዳቱ ማለት ዋትስአፕ ነው።

ታዲያ ምግቡ በስንት ቤት እንዳለፈ ረዳቱ በምን ያውቃል? እኔም የልጅቷን ጥያቄ ይዤ ሁለት ሳምንት ረዳቱን ስመረምር ከረምኩ። የዋትስአፕን ማብራሪያ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መልእክቱ ቆጣሪ ይዞ እንደሚሄድ ይናገራል፤ ዋትስአፕም ስንት ጊዜ እንደተላለፈ እንደማያውቅ ይናገራል። እንዴት ሁለቱም እውነት ይሆናሉ? ትናንት ማታ ቢላዬን እንደያዝኩ ቆምኩ። ለካስ ረዳቱ ስለ ቁጥሩ ምንም አያውቅም! መልሱ ይኸው ነው። ቆጣሪው አገልግሉ ውስጥ ነው፤ ከምግቡ ጋር አብሮ ተቆልፏል።

በክር አስቡት። ከምግቡ ሥር አንዲት ክር ተቀምጣለች። መጀመሪያ የላከችው ሴት ምንም አልቋጠረችባትም። ተቀባይዋ ከፍታ ለጎረቤት ልላክ ስትል ክሯን አንዴ ትቋጥርና መልሳ ትቆልፋለች። ጎረቤቷም ለእህቷ ስትልክ ሁለተኛ ቋጠሮ። የምትቋጥረው ሴትዮዋ ናት አልኩ እንጂ በእውነቱ የሚቋጥረው ስልኩ ነው፤ እኛ «ፎርዋርድ» ስንል ሳናየው ይቋጥራል። ተቀባዩ ስልክ ደግሞ ጓጉንቸሩን ከከፈተ በኋላ፣ እዚያው ቤቱ ውስጥ፣ ቋጠሮዎቹን ይቆጥራል። አምስት ከደረሱ ሁለቱን ቀስቶች ይሥልላችኋል። እኔ ቆጣሪውን መንገድ ላይ ስፈልግ ለካ ቤት ተቀምጧል! ሽንኩርቱ ይሁን ደስታው አላውቅም፣ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር።

ቆይ፣ ገና አላለቀም። ክሯ ሰው አትቆጥርም፤ የምትቆጥረው የሰንሰለቱን ርዝመት ነው። ገና ያልተቋጠረበትን ለመቶ ሰው ፎርዋርድ ባደርገው መቶ ቋጠሮ አይኖርም፤ መቶ አገልግል፣ እያንዳንዱ አንድ አንድ ቋጠሮ ይዞ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ አገልግሎቹ አይተዋወቁም። እኔ እጅ ያለው ሦስት ቋጠሮ፣ የእናንተው ደግሞ ዘጠኝ ሊኖረው ይችላል፣ ቃሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ።

አምስት ላይ ሲደርስ ምን ይሆናል? ባለፈው ቅዳሜ የልጅቷን ጥያቄ ለማስረሳት ወረቀት አከፋፍዬ ጨዋታ ጀምሬ ነበር። አንዱ ልጅ ለአምስት ይሰጣል፣ አምስቱም ለየራሳቸው አምስት። በሁለት ዙር 31 ልጅ ወረቀት ያዘ። ሦስተኛው ዙር 125 አዲስ ሰው ፈለገ፤ ልጆች አለቁብን! ሰሌዳ ላይ ቀጠልን፤ 625፣ 3,125። በዚህ ቢሄድ አሥረኛው ዙር ላይ 9,765,625 ይደርሳል፤ ከአዲስ አበባ ሕዝብ ይበልጣል። አምስተኛው ቋጠሮ ላይ ግን ስልኩ በር ላይ ይቆምና ከአሁን በኋላ በአንድ ጊዜ ለአንድ ቻት ብቻ ይላል። 3,125ቱ እያንዳንዳቸው ለአንድ ለአንድ ሰው ቢልኩ ስድስተኛው ዙር ያው 3,125 ነው። አቤት፣ እንዴት ብሎ እንደሚቆም! «ቲቸር፣ ደጋግሞ ቢልክስ?» አለ አንዱ። ይችላል፤ ስልኩ አይከለክልም፣ ያደክማል እንጂ። ድካም ግን ቀላል ነገር አይደለም። ይህ ሕግ በኤፕሪል 2020፣ የኮቪድ ወሬ ዓለምን ሲያምስ ወጣ፤ በዚያው ወር መጨረሻ ዋትስአፕ ባለ ሁለት ቀስት መልእክቶች በ70 በመቶ መቀነሳቸውን ተናገረ። ከዚያ በፊት ነገሩን ያስጀመረው ግን መራራ ነው። በ2018 ሕንድ ውስጥ «የሕፃናት ሌቦች መጡ» የሚል የሐሰት ወሬ በዋትስአፕ ተዛምቶ፣ ምንም ያላጠፉ ሰዎች በመንጋ ተደብድበው ሞቱ። በአንድ ጊዜ ከአምስት ቻት በላይ አይቻልም የሚለው ገደብ መጀመሪያ እዚያ ተጣለ፤ በ2019 ለሁሉም ሆነ።

የእኛ ልጆች ግን ይበልጥ የሚውሉት ቴሌግራም ላይ ነው። እዚያ ነገሩ ሌላ ነው። ተራው የቴሌግራም ወሬ ዕቃ ግምጃ ቤት እንደማስቀመጥ ነው፤ በመንገድ ላይ ቢቆለፍም ባለ ግምጃ ቤቱም ቁልፍ አለው። ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳይከፍተው ከፈለጋችሁ ሚስጥራዊ ቻት የሚለውን ራሳችሁ መክፈት አለባችሁ። ቻናል ላይ ከጽሑፉ ሥር ያለችው የዓይን ምልክት የምትቆጥረውም ለዚህ ነው፤ ባለ ግምጃ ቤቱ ስንት ሰው ገብቶ እንዳየ እያየ ይጽፋል። ፎርዋርድ ተደርጎ ሌላ ቦታ የታየውም እዚያው ላይ ይደመራል።

ይህን ሁሉ ከተረዳሁ በኋላ ስልኬን አንሥቼ የቤተሰብ ግሩፓችንን ገለጥኩ። ሪያድ ያለችው አክስቴ ስለ ነጭ ሽንኩርትና ስለ ሎሚ ረዥም መልእክት ልካለች። «እንደደረሰኝ» ብሎ ይጀምራል። ቀስት ግን የለውም፤ አንድም! ለራሴ፣ ምናልባት ክሯ ተበጥሳ ይሆናል እያልኩ ደወልኩላት።

«ውይ አንተ ልጅ» አለች እየሳቀች፣ «ቀስቷ ካለች እኮ ማንም አያነበውም። ኮፒ አድርጌ እንደ አዲስ ነው የምለጥፈው።»

ለካ ምግቡን ወደ አዲስ አገልግል ገልብጣ፣ ምንም ያልተቋጠረባት አዲስ ክር አስገብታበታለች። ነገ ቅዳሜ ለልጆቹ እንደምነግራቸው ስነግራት ደነገጠች።

«እንዴ! ስሜን እንዳትጠራ!»