ሚሞሪ ካርዱን ቀድሞ ፎርማት ማድረግ፦ ተረቱና እውነታው

ተረት፦ ራስበሪ ፓይ ለተባለው ትንሽ ኮምፒውተር የሚሆን ሚሞሪ ካርድ በቅድሚያ ፎርማት ይደረጋል፤ ቀጥሎ የወረደው የሲስተም ፋይል ኮፒ ይደረግበታል።

እውነታ፦ ምክሩ መነሻ አለው፤ ጊዜው ግን አልፎበታል። ራስበሪ ፓይ ገበያ ላይ በዋለ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ኑብስ የተባለ የጀማሪዎች መጫኛ ወጣ። ያኔ በእርግጥም ካርዱ በፋት32 ፎርማት ይደረግና ፋይሎቹ ይገለበጡበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ሲስተሙን ካርዱ ላይ የሚጽፈው ራስበሪ ፓይ ኢሜጀር የተባለ ፕሮግራም መጥቶ ከጊዜ በኋላ ኑብስ ሲቀር ምክሩ ሳይቀር ከአፍ ወደ አፍ መተላለፉን ቀጠለ። ዛሬ የሚወርደው ኢሜጅ ግን የአንድ ሙሉ ዲስክ ቅጂ ነው፤ የክፍልፋዮቹን ሰንጠረዥ፣ ማስነሻ ፋይሎቹ ያሉበትን የፋት ክፍል፣ ሊኑክስ የሚያርፍበትንም ክፍል አንድ ላይ ይዟል። ኢሜጀሩ ይህን ከካርዱ መጀመሪያ አንሥቶ ሲጽፍ የቀድሞው ፎርማት ይደመሰሳል። ኢሜጁን እንደ ተራ ፋይል ኮፒ ማድረግ ደግሞ ዋጋ የለውም፤ ኮምፒውተሩ የሚፈልጋቸው ማስነሻ ፋይሎች በዚያ አንድ ፋይል ሆድ ውስጥ ተዘግተው ይቀራሉና አይነሣም።

«እኔ ግን ፎርማት ካደረግሁ በኋላ ነው የሠራልኝ» የሚል አይጠፋም። ልብ ማለት የሚያስፈልገው በሁለቱ ሙከራዎች መካከል ኢሜጁም እንደገና መጻፉን ነው፤ የመጀመሪያው ጽሑፍ ተበላሽቶ ከነበረ ያቃናው ሁለተኛው ጽሑፍ ነው። «ቢደረግስ ምን ይጎዳል?» ለሚለው፣ ካርዱን አይጎዳም፤ ጉዳቱ ሐሰተኛ መተማመን ማሳደሩ ነው። 64 ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠ፣ ውስጡ ግን 8 ብቻ የሆነ ካርድ ፈጣኑን ፎርማት ያለችግር ሊያልፍ ይችላል፤ ፈጣኑ ፎርማት የሚጽፈው ጥቂት መረጃ ብቻ ነውና። ማጭበርበሩን የሚያጋልጠው እንደ ኤፍ3 ያለ፣ ካርዱን እስከ ጫፍ ሞልቶ መልሶ የሚያነብ መፈተሻ ነው።

ፎርማት በእውነት የሚጎዳው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። የተጻፈበት ካርድ ዊንዶውስ ላይ ሲሰካ ጥቂት መቶ ሜጋባይት ብቻ ሊያሳይ፣ «ዲስኩ ፎርማት ይደረግ?» ብሎም ሊጠይቅ ይችላል። ካርዱ አልተበላሸም፤ ዊንዶውስ በተለምዶ የሊኑክሱን ክፍል ስለማያነብ ነው። እሺ ያለ ሰው የጻፈውን ሲስተም በገዛ እጁ ያጠፋል። የቀረው ቦታም አያሳስብም፤ የተጻፈው ሲስተም ራስበሪ ፓይ ኦኤስ ከሆነ መጀመሪያ ሲነሣ ክፍሉን ራሱ እስከ ቀሪው ቦታ ያሰፋዋል። ስለዚህ የፎርማት ትክክለኛ ቦታ ካርዱን ከራስበሪ ፓይ አውጥቶ ለካሜራ ወይም ለስልክ መመለስ ሲያስፈልግ ነው። ለመጫን የሚበቃው ኢሜጁን በኢሜጀር መጻፍና በመጨረሻ የሚያደርገውን የማረጋገጫ ንባብ ሳያቋርጡ መጠበቅ ነው።