አብረው ሳይኖሩ አብሮነትን ማስረዳት

የአሜሪካ የትዳር ጓደኛ ቪዛ ሂደት ባልና ሚስትን ለረጅም ጊዜ ያራርቃል፤ በመጨረሻም ስለ መራራቃቸው ይጠይቃቸዋል

ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ፣ በአሜሪካ ኤምባሲ ደጃፍ፣ ማለዳ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ፋይላቸውን ታቅፈው ይታያሉ። በፋይሉ ውስጥ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ከነትርጉሙ፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ ከፖሊስ የተሰጠ የአሻራ ውጤትና የስፖንሰር የግብር ወረቀት አለ። ከሥሩ ደግሞ የሠርግና የመልስ ፎቶዎች፣ የተላከ ገንዘብ ደረሰኞች፣ የአውሮፕላን ትኬቶች፣ ታትመው የወጡ የዋትስአፕና የቫይበር ጥሪ ዝርዝሮች ተደርድረዋል። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተሰብ መርቆ፣ ጎረቤት በልቶና ጠጥቶ ያጸደቀው ጋብቻ እንደገና ሊመሰከርለት ነው። በዚህኛው ጊዜ ግን ከሁሉም በላይ የሚሰማው ምስክር ወረቀት ነው።

የቆንስላ መኮንኑ ጥያቄ በመሠረቱ አንድ ነው፦ ይህ ጋብቻ የእውነት ነው ወይስ ለቪዛ ሲባል የተፈጸመ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የወረቀት ጋብቻ መኖሩን የሚክድ የለም። ችግሩ ያለው መልሱ በሚለካበት መስፈርት ላይ ነው። እውነተኛ ትዳር ከሚታወቅባቸው ምልክቶች ዋነኛው አብሮ መኖር ነው፤ ሂደቱ ደግሞ ለብዙዎች አብሮ መኖርን የሚያዘገየው ራሱ ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች ሚስትና አዲስ አበባ ያለ ባል በአንድ ጣሪያ ሥር የማያድሩት ስላልፈለጉ ሳይሆን ጠብቁ ስለተባሉ ነው። በጥበቃው ዘመን ሊፈጠር ያልቻለው ማስረጃ በቃለ መጠይቁ ቀን ሲጎድል ግን ጥርጣሬው የሚያርፈው በእነሱ ላይ ነው።

ፋይሉ የሚሄድበት መንገድ

ሂደቱ የሚጀምረው አሜሪካ ያለው ወገን አይ-130 የተባለውን ቅጽ ለአገሪቱ የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት ሲያስገባ ነው። ክፍያው እ.ኤ.አ. እስከ መጋቢት 2024 ድረስ 535 ዶላር ነበር፤ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ በወረቀት ለሚያስገባ 675፣ በኢንተርኔት ለሚያስገባ 625 ዶላር ሆነ። ቅጹ ሲጸድቅ ፋይሉ በኒው ሃምፕሸር ግዛት ፖርትስመዝ ወደሚገኘው ብሔራዊ የቪዛ ማዕከል ይተላለፋል። እዚያ ለቪዛው 325፣ ለስፖንሰር ሰነዱ 120 ዶላር ይከፈላል። ሰነዶቹ ተሟልተዋል ሲባል የአዲስ አበባው የቃለ መጠይቅ ወረፋ ይጀምራል።

ከቃለ መጠይቁ በፊት ኤምባሲው የሚሰይማቸው ሐኪሞች የሚሠሩት ሜዲካል አለ። በራጁ ላይ የሳንባ ነቀርሳ የሚያጠራጥር ምልክት የታየበት ሰው አክታው ለካልቸር ምርመራ ይላካል፤ ይህ ብቻውን እስከ 8 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ነቀርሳው ከተገኘ ሕክምናው ሳያልቅ ጉዞ የለም።

ስፖንሰሩ ገቢው ከፌዴራሉ የድህነት መስመር ቢያንስ 125 በመቶ መሆኑን ማሳየት አለበት። በ2024 ለሁለት ሰው ቤተሰብ ይህ 25,550 ዶላር ነበር፤ ልጅ ሲኖር ወይም ቀደም ሲል ስፖንሰር የተደረገ ሌላ ዘመድ ሲታከል ልኩ ከፍ ይላል። ገቢው ያልሞላለት ጆይንት ስፖንሰር ይፈልጋል። በእኛ ማኅበረሰብ ይህ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የአጎት ልጅ፣ የሥራ ባልደረባ ወይም አብሮ የሚያስቀድስ ወዳጅ ነው፤ ነገሩንም እንደ ውለታ ቆጥሮ ይፈርማል። ፊርማው ግን ሕጋዊ ውል ነው። ባልና ሚስቱ ቢፋቱ እንኳ አይፈርስም፤ የመጣው ሰው ዜግነት እስኪወስድ፣ የ10 ዓመት ገደማ የሥራ ዘመን እስኪቆጠርለት፣ አገሪቱን ለቆ እስኪሄድ ወይም እስኪሞት ድረስ ይጸናል። ለወዳጁ የሚፈርም ሁሉ ይህን አውቆ ቢፈርም ኋላ ከሚመጣ ቅያሜ ይድናል።

ዜግነት ያለውና ግሪን ካርድ ያለው

የአሜሪካ ዜጋ ባል ወይም ሚስት ዓመታዊ ኮታ አይመለከታቸውም። የግሪን ካርድ ባለቤት ሲሆን ግን የቁጥር ተራ መጠበቅ ግድ ነው፤ ተራው የት እንደደረሰ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ በየወሩ በሚያወጣው የቪዛ ቡለቲን ይታያል። ተራው አንዳንዴ ይራመዳል፣ አንዳንዴ ይቆማል፣ ወደ ኋላ የሚመለስበትም ወር አለ። ስለዚህ ብዙ ሰው «ዜግነቴን ስወስድ ይፈጥንልኛል» ብሎ ያስባል። ሐሳቡ ልክ ነው፤ ልጅ ላለው ሰው ግን አንድ አደገኛ መታጠፊያ አለበት።

እንበል አንድ አባት በግሪን ካርዱ ለሚስቱ ፋይል ከፈተ። በዚህ መደብ ከ21 ዓመት በታች የሆኑና ያላገቡ ልጆቻቸው በእናታቸው ፋይል ተከትለው መምጣት ይችላሉ። አባትየው በመሀል ዜግነት ሲወስድ የሚስቱ ጉዳይ ወደ ፈጣኑ መደብ ይሸጋገራል፤ በዚያኛው መደብ ግን ልጅ የእናቱን ፋይል ተከትሎ የሚመጣበት ሕግ የለም። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ አይ-130 መግባት አለበት። ይህን ያልሰማ ቤተሰብ ለቃለ መጠይቅ ሲጠራ እናት ቪዛ ታገኛለች፣ ልጆች ይቀራሉ። ያን ጊዜ እናት ከልጆቿና ከባሏ እንድትመርጥ ትገደዳለች። በዜግነት መሐላው ሰሞን ለእያንዳንዱ ልጅ የሚሞላ አንድ ቅጽ ይህን ሁሉ ያስቀር ነበር።

በጥበቃው ዘመን መጠያየቅስ? የጎብኚ ቪዛ የሚጠይቅ ሰው ወደ አገሩ እንደሚመለስ ማሳመን አለበት። ስሙ በትዳር ጓደኛ ፋይል ላይ የሰፈረ ሰው ደግሞ ለመቅረት ማሰቡን ፋይሉ ራሱ ይመሰክርበታል። ስለዚህ የመመላለሱ ሸክም የሚወድቀው አሜሪካ ባለው ወገን ላይ ነው። በነርሲንግ ሆም በፈረቃ የምትሠራ ሴት ባሏን ለመጠየቅ ፈቃድ ማጠራቀም፣ ትኬት መቁረጥ፣ በሄደችበት ጊዜም ያለ ደመወዝ መቆየት አለባት። አቅም የሌላት በዓመት አንዴም አትሄድ ይሆናል። ቆንስላው ፊት ያ ዓመት ባዶ ሆኖ ይታያል።

ወረቀት የማይተው ትዳር

የማስረጃው መስፈርት የተቀረጸው የጋራ የባንክ ሒሳብ፣ የጋራ የቤት ኪራይ ውልና የጋራ ኢንሹራንስ ላለው ኑሮ ነው። በእኛ አገር ሚስት የባሏን ስም አትወርስም፤ በአባቷ ስም ትቀጥላለች። ወጣት ባለትዳር በቤተሰብ ቤት ይኖራል፤ ውሉም የመብራት ቆጣሪውም በአባት ወይም በእናት ስም ነው። ገንዘብ በሚመጣ ሰው እጅ ይላካል፤ ደረሰኝ የለውም። ፍቅርን በሰው ፊት መግለጥ እንደ ነውር በሚታይበት ቤት ያደገ ሰው ስለ ትዳሩ ሲጠየቅ አንገቱን ይደፋል፣ መልሱን ያሳጥራል። ጨዋነቱ ለማያውቀው ዓይን መሸሽ ሊመስል ይችላል።

የቀን መቁጠሪያውም የራሱ ወጥመድ አለው። ለምሳሌ ጥር 15 ቀን በአብዛኛው ዓመት ጃንዋሪ 23 ላይ ይውላል። ጥር 15 ቀን 2012 ዓ.ም. ግን ጃንዋሪ 24 ቀን 2020 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበራት። አንዱ ተርጓሚ 23 ብሎ፣ ሌላው 24 ብሎ ሲጽፈው በአንድ ፋይል ውስጥ አንድ ጋብቻ ሁለት ቀን ይኖረዋል። የልደት ዘመን ላይ ሲሆን ይብሳል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ አካባቢ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት መደመር እንዳለበት የዘነጋ ሰው የአንድ ዓመት ልዩነት ይፈጥራል። እንዲህ ያለው ስሕተት በጊዜ ከታየ በአንድ ቀን ይታረማል፤ በቃለ መጠይቅ መስኮት ላይ ሲገኝ ግን የማጣራት ምክንያት ይሆናል። ዲቪ ሲሞላ አግብቶ ሳለ «ያላገባ» ብሎ ያለፈ ሰው ደግሞ ለሚስቱ ፋይል በከፈተ ቀን የቀድሞ ቃሉ ይቀርብበታል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ማንም ባለትዳር ሊያስተካክለው የማይችለው ክፍተት ነው። ከኅዳር 2020 ጀምሮ ትግራይ ውስጥ ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ከነሐሴ 2023 ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ፣ በየቀኑ ይደዋወሉ የነበሩ ባልና ሚስት ድምፃቸው ጠፋ። በጥሪ ዝርዝሩ ላይ የሚታየው ዝምታ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ባለትዳር ስለ መቋረጡ በጽሑፍ አብራርቶ፣ በመሀል መልእክት ያደረሱለትን ሰዎች ቃል አያይዞ ቢያቀርብ ራሱን ይረዳል። ያልተብራራ ክፍተት በመኮንኑ ግምት ይሞላል።

በሂደቱ በኩልም ክፍተት ተፈጥሯል። በመጋቢት 2020 በኮቪድ ምክንያት መደበኛ የቪዛ አገልግሎት በዓለም ዙሪያ ቆመ፤ በሚያዝያ የወጣው የፕሬዚዳንት ትራምፕ አዋጅ የዜጎችን የትዳር ጓደኞች ሲለይ የግሪን ካርድ ባለቤቶችን ግን አልለየም፣ እስከ የካቲት 2021ም ጸና። በጥር 2020 በኤርትራ ዜጎች ላይ የተጣለው የኢሚግራንት ቪዛ እገዳ የአሜሪካ ዜጎችን ባልና ሚስት እንኳ አልማረም፤ የተነሣው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። በኅዳር 2021 ደግሞ በትግራይ በተነሣው ጦርነት ምክንያት የአዲስ አበባው ኤምባሲ አስቸኳይ ሥራ የሌላቸው ሠራተኞቹ ከአገር እንዲወጡ ታዘዘ። እነዚህ ወራት ሁሉ በባለትዳሮቹ የመለያየት ዘመን ላይ ተጨምረው ተቆጠሩ።

አብሮ የኖረውም ይጠየቃል

መለያየቱን እምቢ ብለው ኑሯቸውን አዲስ አበባ ያደረጉ አሉ። አሜሪካዊ ዜግነት ያለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት በሚሰጠው ቢጫ ካርድ ያለ ቪዛ ገብቶ መኖርና መሥራት ይችላል። ከሚስቱ ጋር ይኖራል፣ ልጅ ያሳድጋል፤ ትዳሩን የሚጠራጠርም የለም። እሱ ግን በሌላ በር ይያዛል። ስፖንሰር መኖሪያው አሜሪካ መሆኑን፣ ወይም ሚስቱ በምትገባበት ጊዜ ተመልሶ እንደሚኖር በተጨባጭ ማሳየት አለበት፤ አዲስ አበባ የሚያገኘው ደመወዝም ወደ አሜሪካ ሲዛወሩ የሚቋረጥ ከሆነ አይቆጠርለትም። ስለዚህ ጆይንት ስፖንሰር መፈለግ፣ የባንክ ሒሳብ ማቆየት፣ ሥራ ወይም ቤት አስቀድሞ ማፈላለግ ይኖርበታል። አንዳንዱ ይህን ለማሟላት ሲል ቀድሞ ይመለሳል፤ እንደገናም ይለያያሉ። ርቆ የኖረው በትዳሩ፣ አብሮ የኖረው በመኖሪያውና በገቢው ይጠየቃል።

የመጨረሻው ቃል

ቆንስሉ ትዳሩን ከተጠራጠረ ተጨማሪ ማጣራት ሊያዝ፣ ወይም ፋይሉን ወደ አሜሪካ መልሶ የጸደቀው ማመልከቻ እንዲሰረዝ ሐሳብ ሊያቀርብ ይችላል። የወረቀት ጋብቻ ነው ተብሎ ከተወሰነ መዘዙ ከባድ ነው፤ ያ ሰው ወደፊት በእውነት ቢያገባ እንኳ በትዳር የሚቀርብለት ማመልከቻ አይጸድቅም። አውቆ የወረቀት ጋብቻ የፈጸመ በወንጀል ተከሶ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። በገንዘብ የሚያጋባ ደላላ ይህን አይናገርም።

ቪዛ በውጭ አገር ሲከለከል ፍርድ ቤቶች የቆንስሉን ውሳኔ እንደገና አይመረምሩም ማለት ይቻላል። ይህን ሎስ አንጀለስ የምትኖረው ጠበቃ ሳንድራ ሙኞዝ በራሷ ቤት አይታዋለች። ኤል ሳልቫዶራዊ ባሏ በ2015 ቪዛ ተከለከለ፤ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በሰኔ 21 ቀን 2024 ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ፣ አንድ አሜሪካዊ ዜጋ የውጭ ዜጋ የሆነ የትዳር ጓደኛው ወደ አገሪቱ እንዲገባ የሚጠይቅበት በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ መሠረታዊ መብት የለውም ሲል ወሰነ። ዳኛ ሶንያ ሶቶማዮር ውሳኔውን ተቃውመው ጽፈዋል። ለእኛ ማኅበረሰብ ትርጉሙ ግልጽ ነው። ፋይሉ በመስኮቱ ላይ ካልቆመ ኋላ የሚያቆመው የለም። ስለዚህ ሰነድ ማደራጀቱ ለቃለ መጠይቁ ሳምንት የሚተው ሥራ አይደለም፤ ከሠርጉ ቀን ጀምሮ የሚሠራ ነው።

ከተገናኙም በኋላ

አሜሪካ ሲገባ ጋብቻው 2 ዓመት ያልሞላው ሰው የሚሰጠው ግሪን ካርድ የ2 ዓመት ቅድመ ሁኔታ ያለበት ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ሕግ ፍሬ ነው። ካርዱ ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ባልና ሚስት በጋራ ቅድመ ሁኔታው እንዲነሣ ያመለክታሉ። ይህን የጋራ ፊርማ ማስፈራሪያ የሚያደርጉ አሉ፤ «አልፈርምም፣ ትመለሻለሽ» የተባለች ሴት ዱላውን ችላ ትቀመጣለች። ልታውቀው የሚገባት ነገር አለ፦ ትዳሩ በቅን ልቦና የተፈጸመ ከሆነ፣ ጥቃት የደረሰበት ወይም የተፋታ ሰው ያለ ባለቤቱ ፊርማ ብቻውን ማመልከት ይችላል። ገና ግሪን ካርድ ላላገኙትም፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን የሚመለከት ሕግ በራስ ስም ማመልከት የሚቻልበትን በር ከፍቷል፤ ስሙ የሴቶች ቢሆንም ወንዶችንም ይሸፍናል። ይህ በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየዕድሩ በግልጽ ሊነገር ይገባል።

መፍትሔው የታወቀ ነው

ባልና ሚስት አብረው ሆነው ወረፋ ይጠብቁ የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። የአሜሪካ ኮንግረስ ራሱ በታኅሣሥ 2000 ባወጣው ሕግ ለዜጎች የትዳር ጓደኞች ኬ-3፣ ለግሪን ካርድ ባለቤቶች የትዳር ጓደኞችና ልጆች ደግሞ ቪ የተባሉ ጊዜያዊ ቪዛዎችን ፈጥሮ ነበር። ዓላማቸው ፋይሉ እስኪያልቅ ሰዎቹ አሜሪካ ገብተው እንዲጠብቁ ነው። ቪ ቪዛ ሕጉ እስከ ወጣበት ቀን ድረስ ላመለከቱ ብቻ ስለተወሰነ አብሯቸው አለቀ። ኬ-3 እስከ ዛሬ በሕግ መጽሐፍ ላይ አለ፤ ከየካቲት 2010 ወዲህ ግን ዋናው ማመልከቻ ጸድቆ የቪዛ ማዕከሉ ከደረሰ የኬ-3ው ፋይል ስለሚዘጋ በተግባር የሚያገኘው ሰው እጅግ ጥቂት ነው። ካናዳ በበኩሏ በ2023 በትዳር ማመልከቻቸው እየታየ ላሉ ሰዎች የጎብኚ ቪዛ ጥያቄያቸውን የምታፋጥንበትን አሠራር ጀምራለች።

ስለዚህ ጥያቄው አዲስ ሕግ ይፈልሰፍልን የሚል አይደለም። ያለው ኬ-3 ዋናው ፋይል እስኪያልቅ እንዲሠራ ማድረግ፣ ለግሪን ካርድ ባለቤቶችም ተመሳሳዩን ማደስ ይቻላል። እስከዚያው ድረስ ቆንስላው ሂደቱ ያስከተለውን መለያየት፣ ጦርነትና የኢንተርኔት መዘጋት የፈጠሩትንም ዝምታ በአመልካቹ ላይ እንደ ጉድለት እንዳይቆጥር መጠየቅ የእኛ ፈንታ ነው። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታና በሲያትል ድምፅ የሚሰጡ የዚህ ማኅበረሰብ ልጆች ቁጥራቸው ቀላል አይደለም፤ የኮንግረስ አባል ቢሮ የተጓተተን ፋይል የመጠየቅ ሥልጣንና ልምድ አለው። ባለትዳር ሁሉ ለራሱ ኬዝ ብቻ የሚደውልበት ስልክ ለሕጉም መለወጥ ቢደወልበት፣ ኋላ የሚመጡት ባልና ሚስት አብሮነታቸውን የሚያስረዱት አብረው በኖሩበት ዘመን ይሆናል።