ከነጋሪቱ ግንብ ሥር የሚፈተፈት ቂጣ

በታንግ ነገሥታት ዘመን፣ የዛሬዋ ሺያን ቻንግአን ተብላ የቻይና መናገሻ በነበረችበት ጊዜ፣ ከመሸ በኋላ መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ቅጣቱ 20 በትር ነበር። ከተማዋ ከ100 በላይ ሰፈሮች ነበሯት፤ እያንዳንዱ በግንብ የታጠረ ነው። ሲመሽ ነጋሪት ይጎሰማል፣ የሰፈሩ በር ይዘጋል፣ እስኪነጋ ወጪ ገቢ የለም። ገበያውም በእኩለ ቀን በ300 የነጋሪት ምት ተከፍቶ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ በ300 የነሐስ ደወል ምት ይበተናል። ሕዝቡ ሌሊቱን በነፃነት የሚዞረው በዓመት አንዴ፣ በፋኖስ በዓል ሰሞን ነበር። የሌሊት ገበያ በይፋ የተፈቀደው ዘግይቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ965 የሶንግ ንጉሠ ነገሥት በመዲናው በካይፈንግ እስከ እኩለ ሌሊት የሚነግድ እንዳይከለከል አዘዘ።

እንግዲህ ዛሬ በሺያን ማታ ማታ ምግብ ፍለጋ የሚወጣው ሕዝብ የሚጎርፈው በነጋሪት ግንብ ሥር መሆኑ ፈገግ ያሰኛል። ግንቡ በሚንግ ዘመን፣ በ1380 የተሠራ ነው። ከሥሩ ያለውን ቅስት አልፎ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው መንገድ ቤይዩዋንመን ይባላል፤ ሰፈሩ የሁዪ ሙስሊሞች ነው። ከሁዪዎች ቅድመ አያቶች ብዙዎቹ በሐር መንገድ ከፋርስና ከመካከለኛው እስያ የመጡ ናቸው፤ የዛሬዎቹ ዘሮቻቸው ግን አፋቸውን በቻይንኛ የፈቱ የአገሬው ሰዎች ናቸው። በ742 እንደተመሠረተ የሚነገርለት ታላቁ መስጊዳቸው ጉልላት የለውም፤ ጣሪያው ጠርዙ ወደ ላይ የተቀለበሰ የቻይና ጣሪያ ነው፣ ግቢውም የአትክልት ሥፍራ ይመስላል።

ከሩቅ የሚቀበላችሁ የከሙን ሽታ ነው። በረጅም የከሰል ምድጃ ላይ የተደረደረ የበግ ሥጋ እየተገላበጠ ከሙንና ሚጥሚጣ መሰል በርበሬ ይነሰነስበታል። በሌላው የሺያን ሰፈር «ሮውጅያሞ» የሚሉት፣ የተከተፈ ሥጋ በቂጣ መሀል የሚታጨቅበት ምግብ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአሳማ ሥጋ ይሠራል፤ እዚህ ግን በበሬ ሥጋ ነው።

እውነቱን ለመናገር ዋናው ጎዳና ለፎቶ የተዘጋጀ ነው። እንጨት ላይ የተሰካውን ግዙፍ የባሕር እንስሳ ሁሉም እያነሳ ይለጥፈዋል፤ ሺያን ግን ከባሕር እጅግ የራቀች ከተማ ስለሆነች ይህ የቦታው ምግብ አይደለም። የከተማው ሰው ወደ ጎን ታጥፎ ዳፒዩዋን ወይም ሳጂንቺያው በሚባሉት መንገዶች ይበላል። ቢያንግቢያንግ የሚባለውን ፓስታ መሰል ምግብ እዚያ ፈልጉት። እንደ ቀበቶ የሰፋ ሊጥ ጠረጴዛ ላይ በኃይል እየተመታ ይለጠጣል፤ ስሙም የዚያ ድምፅ ነው ይላሉ። ከተቀቀለ በኋላ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ጣል ይደረግበትና የጋለ ዘይት ሲፈስበት ቿ ይላል። የስሙ ፊደል ከ50 በላይ ጭረት ስላለው ለኮምፒውተር ፈተና ሆኖ ኖሮ፣ ወደ ዓለም አቀፉ የፊደላት መዝገብ የገባው በ2020 ነው።

ለእኔ ግን የዚህ ሰፈር ንጉሥ ያንግሮው ፓኦሞ ነው፤ በአማርኛ ሌላ ስም አያስፈልገውም፣ የበግ መረቅ ፍትፍት ነው። ልዩነቱ ፈትፋቹ እንግዳው ራሱ መሆኑ ላይ ነው። ገብታችሁ ስትቀመጡ ባዶ ጎድጓዳ ሳህንና ጠንከር ያለ፣ በደንብ ያልቦካ ቂጣ ይቀርብላችኋል። በጣታችሁ ቆንጥራችሁ የአኩሪ አተር ፍሬ እስኪያክል ድረስ ታደቁታላችሁ። የቸኮለ ሰው በትልቅ በትልቁ ቆርሶ ይገላገላል፤ መረቁ ግን ቁራሹ ውስጥ ዘልቆ አይገባለትም። አዛውንቶቹ እያወጉ፣ ዓይናቸውን ሳይጥሉበት፣ ግማሽ ሰዓት ቢወስድባቸው ግድ የላቸውም። ሲያልቅ ሳህኑ ቁጥር ተደርጎበት ወደ ማድቤት ይሄዳል። አብሳዩ ፍርፋሪውን አይቶ የእሳቱንና የመረቁን መጠን ይወስናል፤ የእያንዳንዱን ሰው ድርሻም ለብቻው ከሥጋና ከቀጭን የስታርች ክር ጋር ያንተከትከዋል።

የመረቁን ልክ የምታዙት እናንተ ናችሁ። ደረቅ ይባላል፤ መጨረሻ ላይ አንድ ጉንጭ ብቻ የሚተርፍ ይባላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ውኃ ከተማዋን ከበባት» ነው፣ ፍትፍቱ መሀል ላይ እንደ ደሴት ተከምሮ መረቁ ዙሪያውን ይሞላል። አጠገቡ በስኳርና በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ነጭ ሽንኩርትና የበርበሬ ድልህ ይቀርባል። ማማሰል ነውር ነው፤ ከዳር እየቀነሱ መብላት ነው ወጉ፣ ሙቀቱም ጣዕሙም እስከ መጨረሻው እንዳይበተን።

ጾም ላይ ለሆነ ሰውም ሰፈሩ ባዶ አያስቀርም። ሊያንግፒ የሚባል ቀዝቃዛ የስንዴ ወይም የሩዝ ስታርች ጥፍጥፍ በሰሊጥ ልቁጥ፣ በኮምጣጤና በበርበሬ ዘይት ተለውሶ ይበላል። ሙጫ ባለው ሩዝ፣ በቦሎቄና በቀይ «ቴምር» ተደራርቦ በእንፋሎት የሚበስል ጣፋጭም አለ። ቴምር ይበሉት እንጂ ዛፉ የእኛው የቁርቁራ ዘመድ ነው።

ሒሳብ የሚከፈለው በስልክ ነው፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ካሬ ምልክት አንስቶ መክፈል የአሮጊቷ ቴምር ሻጭ እንኳ ልማድ ሆኗል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሳትነሱ የክፍያ መተግበሪያውን አዘጋጁ። ፓኦሞ ቤት ገብታችሁ ቂጣውን በማሽን ፈርፍሮ የሚያቀርብ ካጋጠማችሁ ግን፣ አመስግናችሁ ወደሚቀጥለው ቤት እለፉ።