ጭብጨባውና የካርድ ቆጠራው



ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. እኛ ጉንደ ወይን ውስጥ ገና ልጆች ነበርን። ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ሁሉ ሞልቶ ስለነበር ጨዋታውን ያየነው በመስኮት ተንጠልጥለን ነው። ዋልያዎቹ አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ሲረቱ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተቃቅፎ ጨፈረ። (ሁለተኛዋን ጎል በራሱ መረብ ላይ ያስቆጠረልን የእነሱ ተጫዋች ነው፤ ያን ቀን ግን ይህን ማን ያንሳው!) ለዓለም ዋንጫ የመጨረሻው ማጣሪያ አለፍን ተባለ።

ደስታው ሳይበርድ ፊፋ ምርመራ መክፈቱ ተሰማ። ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋናን በሜዳዋ ስናሸንፍ፣ ሁለት ቢጫ ካርድ ስላለበት ማረፍ የነበረበት ተጫዋች ተሰልፎ ኖሯል። ፌዴሬሽኑ ስህተቱን አመነ፤ 3 ነጥባችንም ተነጠቀ። ደግነቱ የመጨረሻውን የምድብ ጨዋታ አሸንፈን አለፍን፤ መንገዳችን የተዘጋው በናይጄሪያ ነው።

ደጋፊን ለመውቀስ አይደለም። ቡድኑ ለ31 ዓመታት ከአፍሪካ ዋንጫ ርቆ ሲኖር፣ ተስፋ ሳይቆርጥ ስታዲየም የሚገባው እሱ ነበር። ዳር ቆሞ ስህተት ብቻ የሚለቅም ሰው ያን ያህል አይጠብቅም። ግን ከዚያ ሁሉ አፍቃሪ መካከል ሁለት ካርድ ቆጥሮ በጊዜ «ቆይ!» የሚል ሰው ታጣ። ፍቅሩ ሲከር ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ በ2004 ዓ.ም. በግብፅ ፖርት ሰዒድ ከአንድ ጨዋታ በኋላ ከ70 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

ይህን ያነሳነው ስለ ኳስ ለማውራት ብቻ አይደለም። ግቢያችን ውስጥ ኡስታዞችን እንደ ክለብ መደገፍ ጀምረናል። የአንዱ ወዳጅ ሌላውን ካላንቋሸሸ የወደደ አይመስለውም። በምህንድስና ክፍላችን ስሌታችንን ደግሞ የሚያሰላልንን ሰው እናመሰግናለን፤ በደዕዋ ላይ ሲሆን ግን ጠያቂውን እንጠረጥራለን። የሐዲስ ሊቃውንት እንዲህ አልነበሩም። ጀርሕ ወተዕዲል የሚባለው ዕውቀት የቆመው የሚወዱትን ሰው ጭምር በመመዘን ነው። የኢማሙ ቡኻሪ መምህር ዐሊይ ኢብኑል መዲኒ የገዛ አባታቸው በሐዲስ ዘገባ ደካማ መሆናቸውን ሳይሸሽጉ ተናግረዋል። አባታቸውን ስለጠሉ አልነበረም፤ ነገሩ ዲን ስለሆነ እንጂ።

በቅርቡ ከአንድ ፕሮግራም በኋላ አንድ የመጀመሪያ ዓመት ወንድማችን እጁን አውጥቶ፣ የተነገረው ሐዲስ የት ኪታብ ላይ እንደሚገኝ በአደብ ጠየቀ። ከኋላ ተሳቀበት፤ ማታ ዶርም ውስጥ ደግሞ «የእነ እገሌ ቡድን ነው» ተባለ። ከሳቁት መካከል እኛም ነበርንበት። ልጁ ከዚያ ወዲህ ፕሮግራም ላይ አልታየም፤ ለጥያቄውም እስካሁን መልስ የሰጠው የለም።