ዶንግሃክን በዓመፁ ብቻ ለሚያውቁት

በ1894 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኮርያን ስላናወጠው የገበሬ ዓመፅ የሚጽፉ ብዙዎች ነገሩን በአንድ መስመር ይገላገሉታል፤ ዶንግሃክ የሚባል ሃይማኖት ገበሬውን አስነሣ፣ ተዋጋ፣ ተሸነፈ። እንዲህ ሲባል ሃይማኖቱም ገበሬውም ይበደላሉ።

መሥራቹ ቼ ጄኡ የምሁር ልጅ ነው። እናቱ ዳግም ያገባች መበለት በመሆኗ ግን የሹመት ፈተና በር ተዘጋበት። በ1860 ከሰማይ ድምፅ መጣልኝ አለና አምላክ በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ እንደሚያድር ማስተማር ጀመረ። በወሬ ብቻም አልቀረም፤ ሁለት ገረዶቹን ነጻ አውጥቶ አንዷን ልጁ፣ ሌላይቱን ምራቱ እንዳደረገ ተከታዮቹ ይተርካሉ። ትምህርቱ ካቶሊክነትን ለመመከት የተነሣ ቢሆንም፣ ከዚያው ከካቶሊክነት ጋር ተደምሮ ተከሰሰና በ1864 ዴጉ ከተማ ላይ አንገቱ ተቀላ።

ተተኪው ቼ ሲህዮንግ ከሠላሳ ዓመት በላይ እየተሸሸገ መጻሕፍቱን አሳተመ፣ ምእመናኑንም አደራጀ። በ1892 እና በ1893 የተሰበሰቡት አማኞች ከጠየቁት ዋነኛው የመሥራቹ ስም እንዲነጻ ነበር። ጦር የሚያማዝዝ ጥያቄ አይደለም።

እሳቱ የተነሣው ጎቡ ወረዳ ውስጥ ነው። ሹሙ ጆ ብዮንግጋፕ ገበሬውን ያለ ክፍያ የመስኖ ግድብ አሠራውና፣ ውሃው ሲጠራቀም መልሶ ግብር ጣለበት። ለአባቱ መታሰቢያም ገንዘብ ሰበሰበ። በ1894 መጀመሪያ ሕዝቡ ተነሥቶ ግድቡን አፈረሰ። መሪው ጆን ቦንግጁን ነበር፤ ቁመቱ አጭር ስለነበር «ማሾ» ይሉታል። ኋላ ተይዞ ሲመረመር የሰጠው ቃል በጽሑፍ ተቀምጧል፦ ጎቡ ላይ ከተነሡት መካከል የዶንግሃክ ሰው ጥቂት፣ ግፍ የመረረው ገበሬ ብዙ ነበር። ይህን የምርመራ ቃል ሳያነቡ «የዶንግሃክ ዓመፅ» እያሉ መጻፍ ስንፍና ነው።

ታዲያ ሃይማኖቱ ምን አዋጣ? መረቡን። ምእመናኑ «ጆፕ» በሚባሉ ማኅበራት ተደራጅተው፣ እያንዳንዱ ማኅበር አለቃ ነበረው፤ ጆን ራሱ የጎቡ አለቃ ነበር። አንድ ወረዳ ሲነሣ ሌላው የሰማው በዚህ መስመር ነው።

ጆንጁ ከተማ በግንቦት መጨረሻ በገበሬዎቹ እጅ ወደቀች። ቤተ መንግሥቱ ቻይናን ጠራ፣ ጃፓን ሳትጠራ መጣች፣ ሁለቱ ኮርያ ምድር ላይ ተዋጉ። ዓመፁን እስከዚያ ሲቃወም የቆየው ቼ ሲህዮንግ ተከታዮቹ እንዲዘምቱ የፈቀደው በመከር፣ ዘመቻው በጃፓን ላይ ሲሆን ነው። ጎንግጁ አጠገብ፣ ኡገምቺ በር ላይ የጃፓን ጠመንጃ ረፈረፋቸው። ጆን በ1895፣ ቼ ሲህዮንግ በ1898 ተገደሉ።

ሃይማኖቱ ግን አልሞተም። በ1905 ስሙን ቾንዶግዮ ብሎ ቀየረ፤ በ1919 የኮርያን ነጻነት ካወጁት 33 ፈራሚዎች 15ቱ የእርሱ ሰዎች ነበሩ።