በመድኃኒት ሣጥን ላይ ስለሚጻፈው ማስጠንቀቂያ

በቀድሞ ስሟ ዋቸሞ ትባል በነበረችው በሆሳዕና፣ እንዲሁም በሾኔ፣ በሺንሺቾና በዱራሜ፣ ራሱን ያመመው ወይም ጉንፋን የያዘው ገበያተኛ ሐኪም ሳያየው ወደ መድኃኒት ቤት ጎራ ብሎ የሚገዛቸው፣ ሕግም ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዲሸጡ የፈቀደላቸው መድኃኒቶች አሉ፤ ከእነርሱም መካከል ፓራሲታሞል፣ የጨጓራ ማስታገሻና ለተቅማጥ የሚበጠበጠው ለምለም ይገኛሉ። ሐኪም በሌለበት ስፍራ ሐኪሙን ተክቶ የሚመክረው በሣጥኑ ላይ የታተመው ጽሕፈት ብቻ ስለሆነ፣ ጠባዩንና ሥርዓቱን ማወቅ ለማንም ይበጃል።

ይህ ጽሕፈት በብዙ ሕይወት የተገዛ ነው። በ1937 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አንድ ኩባንያ ሰልፋኒላሚድ የተባለውን መድኃኒት በመርዛማ ፈሳሽ በጥብጦ፣ ደኅንነቱንም ሳይመረምር በመሸጡ፣ ሕፃናት ጭምር ከ100 የሚበልጡ ሰዎች ስላለቁ፣ በቀጣዩ ዓመት አዲስ መድኃኒት ሁሉ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት እንዲመረመርና በቂ የአወሳሰድ መመሪያ እንዲጻፍበት የሚያዝ ሕግ ወጣ። በአገራችንም በ1956 ዓ.ም. የፋርማሲ ደንብ ታውጆ፣ ዛሬ ጉዳዩ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 መሠረት በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እጅ ይገኛል።

በሣጥኑ ላይ የመድኃኒቱ ስምና መጠን፣ የምርቱ መለያ ቁጥር፣ የተሠራበትና የሚያበቃበት ጊዜ፣ አቀማመጡም ይጻፋል፤ ከሕፃናት እንዲርቅ የሚያሳስብ ቃልም አይታጣም። ከሁሉ የሚያሠጋኝ ግን ሰው እንደ ቀላል ነገር የሚቆጥረው ፓራሲታሞል ነው። ባለ 500 ሚሊ ግራሙን ኪኒን ጤነኛ ጎልማሳ በ24 ሰዓት ውስጥ ከስምንት ፍሬ በላይ ሊውጥ አይገባውም፤ ከዚያ ያለፈው ጉበትን ይጎዳልና፣ ጉዳቱም በመጀመሪያው ቀን ሳይታወቅ ውሎ ሊያድር ይችላል። ብዙው የጉንፋን መድኃኒት ይህንኑ ፓራሲታሞል በውስጡ ስለሚይዝ፣ ለራስ ምታት አንዱን ለጉንፋን ሌላውን የሚውጥ ሰው ሳያውቅ ከወሰኑ ይወጣል። በጉንፋን መድኃኒት ውስጥ የሚገባው ክሎርፌኒራሚን ደግሞ እንቅልፍ ያመጣልና፣ ባጃጅ የሚነዳ ሰው ውጦት መሪ መጨበጥ የለበትም። ለምለምም ቢሆን በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ 24 ሰዓት ካለፈው በኋላ ይደፋል።

እንግዲህ ሕጉ ይህን ሁሉ አዝዞ ሳለ፣ ማስጠንቀቂያው ከሣጥኑ ተነሥቶ ሕሙሙ ዘንድ ሳይደርስ የሚቀርባቸው መንገዶች ጥቂት አይደሉም። አንድ ሙሉ ሣጥን የሚገዛ ሰው ጥቂት ነው፤ የሚበዛው ገዥ አራት ወይም ስድስት ፍሬ ይበቃኛል ይላል፤ ሻጩም ኪኒኖቹ የታሸጉበትን ስትሪፕ በመቀስ ሲቆርጥ፣ ማብቂያው የታተመበት ጠርዝ መደብሩ ውስጥ ይቀራል። ቀኑ በስትሪፑ ላይ ቢተርፍ እንኳ የፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ 06/2024 የሚል ጽሕፈት በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ያነበበ የአንጋጫ ገበሬ፣ በራሱ ዘመን ቢቆጥረው ገና ሰባት ዓመት የቀረው ይመስለዋል፤ መድኃኒቱ ግን ካበቃ መንፈቅ ሆኖታል። ከዚህም በላይ ከውጭ የሚመጣው ሣጥን በአብዛኛው በእንግሊዝኛ፣ ያውም በደቃቅ ፊደል የታተመ ስለሆነ፣ በቤቱ ሀዲይኛ ወይም ከምባትኛ ለሚናገረው ሽማግሌ ከጌጥ የሚለይ አይደለም።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት፣ በእነዚህ ከተሞች የማስጠንቀቂያው ፍጻሜ የሚወሰነው በማተሚያ ቤት ሳይሆን በመድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ ላይ ነው። የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች ሆይ፣ ስትሪፑን ስትቆርጡ የቀኑን ጠርዝ አትጣሉ፤ በምትሰጡት ትንሽ ከረጢት ላይም የመድኃኒቱን ስም፣ የአወሳሰዱን ልክና ማብቂያውን በእኛ አቆጣጠር ጻፉበት፤ ማንበብ ለማይችለውም በሚገባው ቋንቋ ንገሩት። አንባቢም ይህን ሳይጠይቅ ከመድኃኒት ቤቱ አይውጣ።